የአያ ጌጡ ሩብ ሰዓት

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ረስቶት ነበር። እኔን ግን የሚያስረሳኝ አላገኘሁም። በየስብሰባው፣ በየሥልጠናው፣ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም እጄን እየጨበጠ «ያቺ ትምህርትህ እኮ የስንቷን እናት ነፍስ አተረፈች!» ይለኛል። በተመሰገንኩ ቁጥር የምግብ ፍላጎቴ ይዘጋል። ለምን እንደሚዘጋ ዛሬ ልናገር ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።

ጤና መኮንን ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ነው። እንደተመረቅሁ የተመደብኩት ከጽጽቃ ወዲያ፣ መኪና በሳምንት አንዴ ከመጣ ጉድ የሚባልበት ቦታ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ አርም ነበር፤ ኋላ ተውኩት። ደስ ይላል፣ ምን አስዋሸኝ።

እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ተወጥቶ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ደግሞ ትምህርት ተከታትለህ ነጥብ ማምጣት አለብህ። የከተማ ባለሙያዎች ሆቴል አዳራሽ ተቀምጠው፣ ውኃ በፕላስቲክ ቀርቦላቸው ነጥባቸውን ይለቅማሉ። እኛ ያለን ስልክና እግር ነበር። ስለዚህ ፖድካስት መስማት ጀመርን። ሰቆጣ ለስብሰባ የሄደ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቁጭ ብሎ የሕክምና ፖድካስቶችን ያወርዳል፣ ሲመለስ ለሁላችን በብሉቱዝ ያካፍላል። እኔ ለክትባት ስወጣ፣ ወደ አበርገሌ ቆላ በእግሬ ስወርድ፣ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማ ነበር። ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች፣ ስለ ደም ግፊት፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም። ብዙውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር የምሄደው።

ቆይቶ ራሴ መቅዳት ጀመርኩ። መድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ ካርቶኖች መሃል እቀመጥና በስልኬ እቀዳለሁ፤ ካርቶን ድምፅ አያስተጋባም። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ታማሚ፣ አንድ ስህተት፣ አንድ ትምህርት። ምላሴ ስለታም ነው፣ ጨዋታም እችላለሁ። የትኛዋ ነርስ ምን እንዳበላሸች ስም ሳልጠራ ሳወራው ሰሚው በሳቅ ይፈርሳል። ስም ባልጠራም አገሩ ትንሽ ነው፤ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። አንዷ የፋርማሲ ባለሙያ በእኔ የተነሣ ዝውውር ጠየቀች ሲሉኝ «እውነት መራራት» ብዬ ስቄያለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

እናኑ የመጣችው በኅዳር ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት ስድስት ወንዶች ነበሩ። በዚያ አካባቢ በየጎጡ የቃሬዛ ቡድን አለ፤ የሚሸከሙት ታማሚ ሲኖር ጥሩንባ ይነፋል፣ ተረኞቹ ከያሉበት ይሰበሰባሉ። የዚህ ቡድን መሪ፣ ጥሩንባውን የሚነፉት፣ የእናኑ አባት አያ ጌጡ ናቸው። እናኑ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ቤቷ ወልዳ ልጁ በሰላም ወጥቷል፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፣ ደሙም አልቆመም። መንገዱ የአራት ሰዓት ነው።

ስትገባ ነፍሷ አብራት ነበረች። ይህን ልብ በሉልኝ። ትናገር ነበር። ውኃ ለመነችኝ፣ ሕፃኑን ማን እንደያዘው እናቷን ጠይቁልኝ አለች። እናቷ ግን አልመጣችም፤ ከሕፃኑ ጋር ቀርታለች።

አዋላጅ ነርሷ ለሥልጠና ሰቆጣ ሄዳ ነበር፤ ሌሎቹ ለክትባት ዘመቻ ወጥተዋል። ከእኔ ጋር የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን ዘነቡ ብቻ ናት። ግሉኮሱን ሰቀልኩ፣ ማሕፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋኋት። አልወጣም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እጅን አስገብቶ የእንግዴ ልጁን ማውጣት ነው። ስለዚህ ነገር የተሠራውን ፖድካስት ሃያ ጊዜ ያህል ሰምቼዋለሁ። ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ ቅደም ተከተሉን አንድም ሳልስት እወጣዋለሁ። በእጄ ግን ሠርቼው አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ ሌላ ሰው ሲሠራው ከሰው ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ፣ እሱም ግማሹ ተከልሎብኝ።

ረጅሙን ጓንት አጠለቅሁ። ቆምኩ። ያ የተረጋጋ የፖድካስት ድምፅ በጭንቅላቴ ውስጥ አንደኛ እንዲህ አድርግ፣ ሁለተኛ እንዲህ አድርግ ይለኛል። እጄ ግን አልሄደም። ማሕፀኗን ብቀደውስ? እጄ ውስጥ ብትሞትስ? ሳልነካት ብትሞት መንገድ ገደላት ይባላል፤ ነክቻት ብትሞት ግን እኔ ገደልኳት። እንዲህ ብዬ ቃል በቃል አሰብኩት። ደንግጬ አእምሮዬን የሳትኩ እንዳይመስላችሁ፤ በደንብ አስቤ ነው የቆምኩት።

«አምቡላንስ እንጥራ» አልኩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱን ስልኬን አስይዤ ኮረብታው ላይ ሰደድኩት። ኔትወርክ የለም ብሎ ተመለሰ። እንደገና ሰደድኩት። አምቡላንሱ ቢገኝ እንኳ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ዘነቡ የእናኑን ጉልበት ይዛ እኔን ታየኛለች።

«ዶክተር፣ እየፈሰሳት ነው እኮ» አለችኝ።

«አያለሁ» አልኳት።

አንድ ሰዓት ከሩብ እንዲህ አለፈ። እናኑ መጀመሪያ ውኃ መለመን ተወች፣ ቀጥሎ ስለ ልጁ መጠየቅ ተወች፣ ከዚያ አረፈች። ጓንቱን አውልቄ ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። ዘነቡ ባልዲውን ይዛ ልትወጣ ስትል ወደ ውስጡ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። ጓንቱ ላይ ጠብታ ደም አልነበረበትም።

አያ ጌጡ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው። አልጮኹም። «መንገዱ ራቀባት» ብቻ አሉ። እኔም «አዎ፣ መንገዱ ነው» አልኳቸው።

ስለ ቀብሩ የሰማሁት ያኔ ነው። አንደኛው ተሸካሚ እያለቀሰ ሲያወራ ከአፉ አመለጠው። ግማሽ መንገድ ላይ የቀብር ሰልፍ ከፊት ለፊታቸው መጣ። አያ ጌጡ «አውርዷት» አሉ። ቃሬዛውን ከመንገዱ አውጥተው ከቋጥኝ ጀርባ አስቀመጡት፣ አባት የራሳቸውን ጋቢ ፊቷ ላይ ጣል አደረጉላት። በእነሱ ዘንድ አራስ ከሬሳ ጋር አትገናኝም፤ ከተገናኘች ክፉ ነገር ያገኛታል ይባላል። ሰልፉ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ አለፈ፤ አንሥተው ሮጡ። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው።

ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። እውነቱን ልናገር ብያለሁና፣ አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

አንዲት እናት ስትሞት ሪፖርት ይጻፋል። «በመንገድ ላይ በመዘግየቷ» ብዬ ጻፍኩ። የጠየቀኝ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርቶኖቹ መሃል ተቀምጬ ቀዳሁት። ሩብ ሰዓቷ ግማሽ ሰዓት ሆነች። አራስ ከሬሳ አትገናኝም የምትለዋን ነገር አወጣኋትና ለሬሳው ክብር ሲሉ ቆሙ አልኩ፤ እንደዚያ ሲሆን ወሬው ይጥማል። አያ ጌጡ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛቸው ከበድ ይላል። እሱንም አስመስዬ «አውርዷት!» ብዬ ጮህኩ፤ ራሴው ሳቅሁ፣ ሳቄንም አልቆረጥኩትም። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለሞተው ሲቆሙ ያለችውን ገደሏት» አልኩ። ቀጥዬም የእንግዴ ልጅ በእጅ እንዴት እንደሚወጣ አንድ በአንድ አስተማርኩ። የሳትኳት ነገር የለችም።

እንደዚያ የተወደደልኝ ነገር የለም። ጤና ባለሙያው ሁሉ ተቀባበለው። በሥልጠና ላይ አሰሙት፣ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። «ለሞተው ሲቆሙ» የሚለው ቃል የሰው አፍ ላይ ገባ፤ ሥራ የሚያዘገይ ሰው ሁሉ መተረቢያ ሆነ።

በትንሿ ከተማችን ሰይድ የሚባል ነጋዴ አለ። ሱቁ ውስጥ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ለገበያተኛው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር ይጭናል። ከነርሶቻችን አንዱ ዘፈን ሊያስጭን ስልኩን ሲሰጠው የእኔ ፋይል ሰይድ ኮምፒውተር ላይ ቀረ። ሰይድ ሰምቶ ወደደው። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ለሕዝቡ ነው የሚጠቅመው፤ ቅዳሜ በድምፅ ማጉያ ልልቀቀው?» አለኝ። ለባለሙያ ነው የቀዳሁት፣ የሰው ገመና ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ድምፁን ከፍ አድርገው» አልኩት።

በሁለተኛው ቅዳሜ አያ ጌጡ ፍየል ሊሸጡ ገበያ ወጡ። የሆነውን የነገረኝ ሰይድ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ሰው ከብቦ ይሰማል። እሳቸውም ፍየሏን በገመድ እንደያዙ ቆሙ። ቃሬዛው ሲባል፣ ቀብሩ ሲባል አዳመጡ። «አውርዷት!» ስል ሰዉ ሳቀ። የራሳቸውን አነጋገር በእኔ አፍ ሰሙት። ከሳቁት መካከል ያወቋቸው አንድ ሁለት ሰዎች አፋቸውን ያዙ። አያ ጌጡ እስከ መጨረሻው ሰምተው ፍየሏን ሳይሸጡ ይዘዋት ተመለሱ።

ሰኞ ጧት ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘኋቸው። የአራት ሰዓቱን መንገድ ብቻቸውን መጥተዋል። ቢሮ አስገባኋቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው። ለመሳደብ የመጡ መስሎኝ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ልጄ፣ ያ ሰይድ ቤት የሚናገረው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ስለ እናኑ ነው?»

«ስም አልጠራሁም።»

«ስሟንማ አልጠራህም» አሉ። «እኔ ለሬሳው ብዬ አልነበረም፤ ለእሷ ብዬ ነው። አራስ ናት፣ ክፉ እንዳያገኛት ብዬ ነው ያወረድኳት።»

«ይገባኛል። ግን ያው ነው፣ አያ።»

«ያው ነው?»

«ለሬሳውም ይሁን ለእሷ፣ ሰዓቱ ሄዷል።»

ዘነቡ በሩ ላይ ወለል እየጠረገች ነበር። መጥረጊያው ቆመ። አያ ጌጡ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ይህችን ብቻ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ባላወርዳት ኖሮ፣ ልጄ ትተርፍ ነበር?»

መልሱን አውቀው ነበር። ነፍሷ አብራት ደርሳለች። እሳቸው ሩብ ሰዓት አቆሟት፤ እኔ አንድ ሰዓት ከሩብ። እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል፣ እጄን የፈራሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሰውየው የአራት ሰዓት መንገድ የመጡት ለዚህች መልስ ነው። ያን ካልኩ ግን ሪፖርቱም፣ የምስጋናው ወረቀትም፣ «ዶክተር» መባሉም አብሮ ይሄዳል።

«ልትተርፍ ትችል ነበር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ።

መልስ አልሰጠሁም። ዝምታዬ መልስ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተነሡም። «እንግዲህ አንድ ነገር አድርግልኝ» አሉኝ። «አንተ በእኔ ድምፅ ስታወራው ሰው ይስቃል። የሚያስቅ ነገር አይደለም። እኔው ልናገረው። ድምፄን ያዘውና እንደዚያኛው ለሰው ስጠው።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን መጋዘኑን ከፍቼ ካርቶኖቹ መሃል አስቀመጥኳቸው። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። መጀመሪያ በአገውኛ ተናገሩ፣ ቀጥለው በአማርኛ ደገሙት።

«እኔ ጌጡ ነኝ፤ የእናኑ አባት። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት። ቀብር ገጠመኝና ከመንገድ አወረድኳት። ዶክተሩ ነግሮኛል። ቃሬዛ የተሸከማችሁ ሁሉ፣ ሬሳ ቢመጣ አትቁሙ። ታቦት ቢመጣ እንኳ አትቁሙ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። የዶክተሩ እጅ ያውቃል። እጁ ላይ በጊዜ ብናደርሳት ኖሮ ያወጣት ነበር።»

እጄ ያን ጊዜ ስልኩን ይዟል። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ድምፁ ጥሩ ወጥቷል፣ ጫጫታ የለበትም ብዬ አሰብኩ። ሲጨርሱ «ደህና ነው?» አሉኝ። «በጣም ደህና ነው» አልኳቸው።

እሳቸው እንደወጡ ዘነቡ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቢሮዬ ገባች።

«ዶክተር፣ ያን ቀን ያወጣሁት ጓንት ንጹሕ ነበረ» አለችኝ።

«አንቺ ስለ ጓንት ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እኔማ ምን አውቃለሁ፤ ጠራጊ ነኝ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የእኔን ቢሮ ጠርጋ አታውቅም። እኔም ጥረጊ አላልኳትም።

የአያ ጌጡ ድምፅ ከእኔ ይልቅ በፍጥነት ሄደ። ሰይድ በየሚሞሪው ጫነው። ያልሰማው የለም፤ ሰቆጣ ዙሪያ ድረስ በየገበያው ተሰማ። ሠርቷልም። ቃሬዛ መቆም ተወ። ቀብር ሲመጣ ተሸካሚዎቹ «ይቅር በሉን» እያሉ በጎን ያልፋሉ፣ ቀባሪውም ራሱ መንገድ ይለቃል። እናቶች ቀደም ብለው መድረስ ጀመሩ፤ አዋላጅ ነርሷም ተቀብላ ታድናቸዋለች። ሰዎች የሚያመሰግኑኝ በዚህ ነው። ውሸት ነው ልላቸው አልችልም፣ ምክንያቱም ይሄኛው እውነት ነው።

እኔም የእንግዴ ልጅ በእጅ ማውጣቱን ኋላ ተማርኩት። ለአዋላጅ ነርሷ በእጄ ሠርቼው እንደማላውቅ ነገርኳት፤ መቼ እንዳልሠራሁት ግን አልነገርኳትም። ሌላ እናት ስትመጣ ከጎኔ ቆማ፣ ክርኔን ይዛ አሠራችኝ። አወጣሁት፤ ደሙ ቆመ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እናትየዋ «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። አምስት ደቂቃ ነበር እኮ!

በአያ ጌጡ ቤት የሆነውን የሰማሁት በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ነው። የጎጡ ሰዎች ጥሩንባውን ከእሳቸው ወስደው ለሌላ ሰጡ። አማቻቸው፣ የእናኑ ባል፣ ሕፃኑን ይዞ ወደ ወላጆቹ ሄደ፤ አያቱ እንዲያቅፉት አይፈቅድም። ባለቤታቸው ገበታ ለይታለች፤ አርባ ዓመት ያህል አብሯት የበላን ሰው ምግቡን አስቀምጣለት ትወጣለች። እሳቸው ማንንም አልወቀሱም። በየስብሰባው ተነሥተው ይናገሩ ሲባሉ ይነሣሉ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ብለው ይጀምራሉ።

እኔ አሁን ሰቆጣ ነኝ። የተዛወርኩት በዚያ ፖድካስት ምክንያት ነው። ሥራዬ ወጣት ባለሙያዎች እንዴት ፖድካስት እንደሚቀዱ ማሠልጠን ነው። በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን የአያ ጌጡን ድምፅ አሰማለሁ። «የዶክተሩ እጅ ያውቃል» የሚለው ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

ለራሴ የምሰጠው ሰበብ አለኝ። እውነቱ ከወጣ ቃሬዛው እንደገና መቆም ይጀምራል፣ እናቶች ይሞታሉ እላለሁ። ጥሩ ሰበብ ነው። ግን ሰበብ ነው። አያ ጌጡን ጠርቼ ለብቻቸው ብነግራቸው የማንም ቃሬዛ አይቆምም ነበር። ፈሪ ነኝ። ያን ቀንም ፈሪ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ባለፈው ጥር አንድ ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ሰቆጣ ጠርተዋቸው መጡ። አዳራሹ በር ላይ ተገናኘን። ከሲታ ሆነዋል። ትከሻዬን ስመው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያን የኔን ነገር ብዙ ሰው ሰማው?»

«ብዙ ሰው ሰማው፣ አያ።»

«የሳቀ አለ?»

«ማንም አልሳቀም።»

«ተመስገን» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ይችን እጅህን ይጠብቅልህ።»

ያን ቀን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ስብሰባው ሊጀመር ነው ብለው ጠሯቸው፤ እኔም ስለጠሯቸው ደስ አለኝ።

ይህን ልቅዳው ወይስ ልጻፈው ብዬ ሰንብቻለሁ። መቅዳቱ ይቀለኝ ነበር። ድምፄ በዋግ ገበያ ሁሉ ይታወቃል፤ ቀድቼ ብለቀው ሰይድ በሳምንቱ በድምፅ ማጉያ ያሰማዋል፣ አያ ጌጡም ይሰሙታል። አያ ጌጡ ግን ማንበብ አይችሉም። የጻፍኩት ለዚህ ነው።